ኮምፒውተሩ በየጠዋቱ አልነሣም ሲል፦ የደከመ ሃርድ ዲስክን የመለየት፣ ፋይልን የማዳንና ዲስኩን የመቀየር ቅደም ተከተል

በመሀል አዲስ አበባ ባሉ ቢሮዎች፣ ከአራት ኪሎ የጽሕፈትና የፎቶኮፒ ቤቶች ጀምሮ እስከ ሜክሲኮና ስታዲየም ዙሪያ የሒሳብ ሠራተኞች ቢሮዎች ድረስ፣ ኮምፒውተር ጠዋት አልነሣም ሲል የሚታዘዝለት መድኃኒት ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ ባለሙያ ይጠራል፣ ባለሙያውም አንድ ሁለቴ አጥፍቶ አብርቶ ካየ በኋላ «ፎርማት ይደረግ» ይላል። ፎርማት ተደርጎ ዊንዶውስ ሲጫን ማሽኑ ለጥቂት ሳምንታት ደኅና ይሠራል፤ ከዚያ ያው ስሕተት ይመለሳል፤ አሁንም ፎርማት ይደረጋል። የችግሩ ምንጭ ዊንዶውስ ሳይሆን ዊንዶውስ የተቀመጠበት ሃርድ ዲስክ ከሆነ ይህ ሕክምና በሽታውን አይነካውም። እንዲያውም ያባብሰዋል፤ ምክንያቱም ፎርማትና አዲስ ጭነት ማለት በደከመ ዲስክ ላይ ብዙ ጊጋባይት መጻፍ ማለት ነው፤ የሚጻፈውም የድርጅቱ የደመወዝ ሰንጠረዥና የውል ሰነድ በነበረበት ቦታ ላይ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው መመሪያ ዋና ጉዳዩ ቅደም ተከተሉ ነው፦ ማሽኑን ማሳረፍ፣ ምልክቱን ማንበብ፣ ፋይሉን ማውጣት፣ ዲስኩን መርምሮ መቀየር። ዊንዶውስን ማስተካከል የሚመጣው ከሁሉም በኋላ ነው፤ የሚደረገውም በአዲሱ ዲስክ ላይ ነው።

1. ደጋግሞ ማብራትና ማጥፋቱን ያቁሙ

ኮምፒውተሩ አንድ ጊዜ እምቢ ካለ በኋላ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሙከራ ስለሚነሣ፣ ብዙ ሰው እስኪነሣ ድረስ ቁልፉን መጫን ልማድ ያደርገዋል። ሃርድ ዲስክ ውስጥ በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ የሚሽከረከሩ ሳህኖች አሉ፤ መረጃውን የሚያነበው ጭንቅላት ሳህኑን ሳይነካ፣ በዓይን በማይታይ የአየር ሽፋን ላይ ይንሳፈፋል። ዲስኩ ከእንቅልፉ በተቀሰቀሰ ቁጥር ሞተሩና ጭንቅላቱ ጫና ውስጥ ይገባሉ። ጤነኛ ዲስክ ይህን ለዓመታት ይችለዋል፤ የታመመው ግን ስንት ማስነሣት እንደቀረው ማንም ስለማያውቅ፣ የቀረውን ፋይል ለማውጣት እንጂ ዕድል ለመሞከር ማዋል አይገባም።

ማሽኑ እንደ ምንም ተነሥቶ ከሆነ አያጥፉት። ሥራም አይጀምሩበት፤ በቀጥታ ወደ ክፍል 4 ይለፉ። ሲነሣ «ዲስኩን ልፈትሽ» የሚል ጽሑፍና ወደ ኋላ የሚቆጥር ሰዓት ካሳየ፣ ቆጠራው ሳያልቅ ማንኛውንም ቁልፍ በመጫን ይዝለሉት። ቼክ ዲስክ የሚባለው ይህ ፍተሻ የፋይል አደረጃጀትን ለማስተካከል የተሠራ ነው፤ በዚህም ሥራው በዲስኩ ላይ ይጽፋል፣ ያልተነበበለትን ፋይል ቆራርጦ ሊያስቀምጥ ይችላል፣ ደካማውን ዲስክም ለሰዓታት ሊያስለፋው ይችላል። ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ቦታው ግን ፋይሉ ከወጣ በኋላ ነው።

2. ስክሪኑ የሚለውንና ዲስኩ የሚያሰማውን ልብ ብለው ይያዙ

መልእክቱ ብልጭ ብሎ ስለሚጠፋ በስልክዎ ፎቶ ያንሡት። «ዲስክ ሪድ ኤረር» የሚል መልእክት ዲስኩ ተገኝቶ ነገር ግን ሊነበብ አለመቻሉን ይናገራል። «ስማርት ስታተስ ባድ፣ ባክአፕ ኤንድ ሪፕሌስ» የሚለው ከሁሉም ግልጹ ነው፤ ዲስኩ ራሱ «ልሞት ነው፣ ቅዱልኝና ቀይሩኝ» እያለ ነው። በኤችፒ ማሽኖች ላይ ተመሳሳዩ ማስጠንቀቂያ ከ301 ቁጥር ጋር ይመጣል፤ በዴል ማሽኖች የራስ ምርመራ ላይ ደግሞ 2000-0142 የሚል ቁጥር ዲስኩ ፈተናውን ማለፍ አለመቻሉን ያመለክታል። «ኖ ቡተብል ዲቫይስ» ወይም «ኦፐሬቲንግ ሲስተም ኖት ፋውንድ» የሚሉት ግን አሻሚ ናቸው፤ ዲስኩ ሙሉ በሙሉ ጠፍቶም፣ ጤነኛ ሆኖ ኬብሉ ላልቶም፣ ሴቲንጉ ተቀይሮም ሊመጡ ይችላሉ። ዊንዶውስ በሰማያዊ ስክሪን መጨረሻው ኢ9 የሆነ ረጅም የስሕተት ቁጥር ሲሰጥ ከዲስኩ ጋር መነጋገር አቅቶታል ማለት ነው።

መልእክት ከመምጣቱ በፊት የሚታዩ ምልክቶችም አሉ፤ በእኔ አስተያየት ከመልእክቶቹ ይልቅ የሚታመኑት እነዚህ ናቸው። ማሽኑ ሲነሣ አሥራ አምስት ደቂቃ ይፈጅበታል፤ አንድ ፎልደር ሲከፈት ይደርቅና ሌላው እንደ ወትሮው ይከፈታል። ማሽኑ ተነሥቶ ከሆነ የዊንዶውስን የሥራ መከታተያ፣ ታስክ ማኔጀርን፣ ይክፈቱና «ፐርፎርማንስ» በሚለው ሥር «ዲስክ» የሚለውን ይጫኑ። የዲስኩ ሥራ 100 በመቶ ሆኖ ሳለ የሚነበበውና የሚጻፈው መጠን ወደ ዜሮ የተጠጋ ከሆነ፣ «አቬሬጅ ሪስፖንስ ታይም» የሚለው ቁጥር ደግሞ በሺህ የሚቆጠር ሚሊሰከንድ ካሳየ፣ ዲስኩ አንድ ቦታ ላይ ተቀርቅሮ ያንኑ ቦታ ደጋግሞ ለማንበብ እየታገለ ነው። ጤነኛ ዲስክ ሥራ ሲበዛበት ይህ ቁጥር በአሥሮች ወይም አልፎ አልፎ በመቶዎች ቢሆን ነው።

ችግሩ ከሌላው ጊዜ ይልቅ ማሽኑ ሲነሣ የሚታይበት ምክንያት ቀላል ነው። ዲስኩ ሴክተር በሚባሉ እያንዳንዳቸው 512 ወይም 4,096 ባይት በሚይዙ ክፍልፋዮች ተከፋፍሏል፤ ዊንዶውስ በተነሣ ቁጥር በሺዎች የሚቆጠሩ ትናንሽ ፋይሎችን ሁልጊዜ ከተመሳሳይ ሴክተሮች ላይ ያነባል። ከእነዚህ መካከል ጥቂቱ ቢደክም በየጠዋቱ ያንኑ ጉድጓድ መርገጥ ግድ ነው፤ በፎቶ ክምችት ውስጥ ያለ የደከመ ሴክተር ግን ያ ፎቶ እስኪከፈት ድረስ ወራት ሊያልፈው ይችላል።

ጆሮዎንም ወደ ማሽኑ ያስጠጉ። ዲስኩ ሲነሣ የሚያሰማው ለስላሳ ጉርምርምታ ጤነኛ ነው። «ጠቅ… ጠቅ… ጠቅ» ብሎ በእኩል ርቀት የሚደጋገም፣ ከዚያ ፀጥ የሚልና እንደገና የሚጀምር ድምፅ ከሰሙ፣ ወይም ብረት በብረት ሲፋቅ ከሰሙ፣ ኃይሉን ያቋርጡ። ይህ ጭንቅላቱ ራሱ መጎዳቱን ስለሚያሳይ ከዚህ በታች ካሉት የቤት ውስጥ እርምጃዎች አንዱም አይመለከተውም፤ ክፍል 5ን ብቻ ያንብቡ።

3. ዲስክ ሳይሆኑ ዲስክ የሚመስሉትን ያጣሩ

ይህ የሚፈጀው ጥቂት ደቂቃ ስለሆነ አይዝለሉት።

ማሽኑ ላይ የተረሳ ፍላሽ ካለ ይንቀሉ፤ ማሽኑ ከፍላሹ ልነሣ ብሎ «ሲስተም የለም» ማለቱ በፎቶኮፒ ቤቶች የተለመደ ነው። ቀጥሎ ማሽኑ ሲበራ በዴል ኤፍ 2፣ በኤችፒ ኤፍ 10፣ በብዙዎቹ ሌኖቮዎች ኤፍ 1 ወይም ኤፍ 2 በመጫን ወደ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት ወደሚሠራው የማሽኑ መሠረታዊ ፕሮግራም) ይግቡና ሁለት ነገር ይመልከቱ። አንደኛው ቀንና ሰዓቱ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት የነበረ ቀን ካሳየ፣ በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲ አር 2032 የምትባል ክብ ባትሪ አልቃለች፤ ባትሪዋ ካለቀች መብራት በጠፋ ቁጥር ባዮሱ የነበረውን ሴቲንግ ይረሳል፣ ከየትኛው ዲስክ እንደሚነሣም ይረሳል። መብራት በሄደ ማግሥት ብቻ የማይነሣ ዴስክቶፕ ካለዎት መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይኸው ነው፤ የባትሪዋ ዋጋ ደግሞ ከዲስክ ዋጋ ጋር አይወዳደርም። ሁለተኛው የዲስኩ ስም ነው። ስሙና መጠኑ ከተዘረዘረ ማዘርቦርዱ እያየው ነው፤ አንዴ የሚታይ አንዴ የሚጠፋ ከሆነ ወይ ዲስኩ ነው ወይ ኬብሉ።

ኬብሉን ለማጣራት ማሽኑን አጥፍተው፣ ሶኬቱን ነቅለው፣ የማሽኑን ሣጥን (ኬዝ) ይክፈቱ፤ ከዲስኩ ወደ ማዘርቦርዱ የሚሄደውን ቀጭን የሳታ ኬብል በሌላ ይተኩት፤ በማዘርቦርዱ ላይም በሌላ ቀዳዳ ይሰኩት። የመንገድ ሥራ በበዛበት አካባቢ ባሉ ቢሮዎች በማሽኑ ሣጥን ውስጥ የሚገኘው አቧራ አንዳንዴ የሚያስደነግጥ ነው፤ በብሩሽ ቀስ ብለው ያራግፉት እንጂ እርጥብ ጨርቅ አያስገቡ።

በዚህ አጋጣሚ፣ የአዲስ አበባ ከፍታ ሃርድ ዲስክ ይጎዳል የሚል ወሬ ሲነሣ ይሰማል። ጭንቅላቱ በአየር ላይ ስለሚንሳፈፍ አየር በሳሳ ቁጥር ወደ ሳህኑ መጠጋቱ እውነት ነው፤ ሆኖም አምራቾች በአብዛኛው ዲስካቸው እስከ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ድረስ እንዲሠራ አድርገው ይሠሩታል፤ መሀል ከተማው ደግሞ ከ2,300 እስከ 2,500 ሜትር ባለው ውስጥ ነው። እንጦጦ ጫፍ ላይ ቢሮ ካልከፈቱ በስተቀር ከፍታውን ይተዉትና የመብራቱን መቆራረጥ ያስቡ።

4. ፋይሉን ያውጡ

የሥራው ልብ እዚህ ስለሆነ መጣደፍ አያስፈልግም። የሚቀዳበት ጤነኛ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ወይም በቂ ቦታ ያለው ፍላሽ ያዘጋጁ። ፍላሹ ፋት 32 በሚባለው አሠራር ፎርማት የተደረገ ከሆነ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ነጠላ ፋይል አይቀበልም፤ እንዲህ ያለ ፍላሽ ባዶ መሆኑን አረጋግጠው በሌላ ኮምፒውተር ላይ ወደ ኤክስፋት ይቀይሩት። ዴስክቶፕ ከሆነ ማሽኑን መብራት ሲሄድ ከባትሪው ለጥቂት ደቂቃ ኃይል በሚሰጠው ዩፒኤስ በኩል ያብሩ፤ በመቅዳት መካከል መብራት መሄድ ለደከመ ዲስክ ትልቅ አደጋ ነው። ዩፒኤሱ ባትሪው የሞተ ከሆነ፣ ዲስኩን ነቅሎ ከሳታ ወደ ዩኤስቢ በሚቀይር ገመድ ባትሪው ከሚሠራ ላፕቶፕ ጋር ማገናኘት ይሻላል፤ ትልቁ የዴስክቶፕ ዲስክ ከሆነ ግን ገመዱ የራሱ የኃይል አስማሚ ያስፈልገዋል፤ አስማሚውም እንደ ዴስክቶፑ ዩፒኤስ ይፈልጋል።

ማሽኑ ተነሥቶ ከሆነ በቀጥታ ከዊንዶውስ ይቅዱ። ካልተነሣ ግን ዊንዶውስን ማስገደድ አያስፈልግም፤ ከፍላሽ የሚነሣ ሊኑክስ (በዊንዶውስ ፋንታ ማሽኑን የሚያስነሣ ነፃ ሲስተም) ይበቃል። በሌላ ጤነኛ ኮምፒውተር ላይ ሊኑክስ ሚንትን ያውርዱ፤ መጠኑ 3 ጊጋባይት ገደማ ስለሆነ የቢሮ ዋይፋይ ላይ ቢያደርጉት ይመረጣል። ሩፈስ በተባለው ነፃ ፕሮግራም አማካይነት 8 ጊጋባይት በሚይዝ ፍላሽ ላይ ይጻፉት፤ ሩፈስ በፍላሹ ላይ ያለውን ሁሉ እንደሚያጠፋ አይዘንጉ። ፍላሹን በታመመው ማሽን ላይ ሰክተው ሲያበሩ በዴልና በሌኖቮ ኤፍ 12፣ በኤችፒ ኤፍ 9 ተጭነው ፍላሹን ይምረጡ። ሚንት በዲስኩ ላይ ምንም ሳይጭን በቀጥታ ይነሣል፤ ዴስክቶፑ ላይ «ኢንስቶል» የምትል ምልክት ትታያለች፣ እሷን እንዳይነኩ። ፋይል ማኔጀሩን ሲከፍቱ በግራ በኩል የዲስኩን ክፍሎች ያያሉ። አንዱን ሲጫኑ ማንበብ እንጂ መጻፍ አይቻልም ካለዎት አይጨነቁ፤ በዚህ ሰዓት የሚፈለገው ማንበብ ብቻ ነው። ባለ 48 አኃዝ ቁልፍ ከጠየቀዎት ዲስኩ ቢትሎከር በተባለው የዊንዶውስ መቆለፊያ ተቆልፏል፤ ቁልፉ ማሽኑ ሲዘጋጅ በገባበት የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ተቀምጦ ሊገኝ ይችላል።

አሁን ከሁሉም የሚበልጠው ጥያቄ ምን በቅድሚያ ይቀዳ የሚለው ነው። ዲስኩ በማንኛውም ደቂቃ ሊቆም ስለሚችል ሙሉውን ክፍል መርጦ «ኮፒ» ማለት ስሕተት ነው፤ እንዲህ ከተደረገ የሠርግ ቪዲዮ ሲቀዳ ውሎ ደብዳቤዎቹ ጋ ሳይደረስ ዲስኩ ያርፋል። ትንሽ መጠን ያለውና ሊተካ የማይችለው ይቅደም። በሒሳብ ቢሮ ውስጥ ይህ በአብዛኛው ፒችትሪ የተባለው የሒሳብ መዝገብ ፕሮግራም ዳታ ነው፤ የድርጅቱን ስም የያዘውን ፎልደር አንድም ፋይል ሳይቀር እንዳለ ይቅዱ፣ ምክንያቱም ከውስጡ አንዱ ቢጎድል ፕሮግራሙ ድርጅቱን ላይከፍተው ይችላል። ፒ ቲ ቢ የሚል ቅጥያ ያላቸው ፋይሎች ቀድሞ የተወሰዱ የፒችትሪ ባክአፖች ናቸው፤ በየትኛውም ፎልደር ቢገኙ ይውሰዷቸው። ቀጥሎ «ዩዘርስ» በሚለው ፎልደር ውስጥ በተጠቃሚው ስም ሥር ያሉት ዴስክቶፕና ዶክመንትስ ይመጣሉ፤ ከዚያ ዳውንሎድስ። ዳውንሎድስ ውስጥ «ቴሌግራም ዴስክቶፕ» የሚል ፎልደር አለ፤ ዛሬ የቢሮው ደብዳቤ ግማሹ የሚመጣው በቴሌግራም ስለሆነ ይህን የሚረሳ ሰው በሳምንቱ ሲፈልገው ያገኙታል።

በጽሕፈት ቤቶች ደግሞ ሌላ የሚረሳ ነገር አለ። በድሮው የቪዥዋል ግዕዝ ወይም ዩኒኮድ ባልሆኑ የፓወር ግዕዝ ፊደሎች የተጻፉ ሰነዶች ፊደሉ በሌለበት ማሽን ላይ ሲከፈቱ በአማርኛ ፋንታ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ዝብርቅርቅ ሆነው ይታያሉ። ፋይሉ አልተበላሸም፤ ፊደሉ ነው የጎደለው። ስለዚህ በዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ያለውን «ፎንትስ» የተባለ ፎልደርም አብረው ይቅዱ። ለዓመታት የተጠራቀመ የፍርድ ቤት ማመልከቻና የውል ናሙና ያለው ቤት ይህን ካላደረገ በማግሥቱ ሌላ ራስ ምታት ይጠብቀዋል።

በመቅዳት ላይ ሳሉ አንዱ ፋይል ከደረቀና ስሕተት ካሳየ «ስኪፕ» ብለው ይለፉት፤ ስሙን ወረቀት ላይ ይጻፉና በሌላው ይቀጥሉ። በአንድ ፋይል ላይ መጨቃጨቅ የቀረውን ሁሉ ሊያሳጣ ይችላል። ዲስኩ በእጅ ሲነካ ከጋለ ትንሽ ቬንትሌተር ያዙሩበት፤ አያንቀሳቅሱት፣ ፍሪጅ ውስጥም አይክተቱት። የፍሪጁ ምክር በየቦታው ይነገራል፤ ነገር ግን ዲስኩ ወጥቶ ሲሞቅ በሳህኖቹ ላይ የሚፈጠረው ጤዛ የቀረችውን ተስፋ ያጠፋል። ጊዜውንም አስቀድመው ይገምቱ፤ በዩኤስቢ 2 መስመር በሰከንድ 30 ሜጋባይት ገደማ ስለሚያልፍ፣ 500 ጊጋባይት ሁሉ ነገር ደኅና ሆኖ እንኳ ከአራት ሰዓት ተኩል በላይ ይፈጃል። የታመመ ዲስክ ደግሞ ከዚህ ብዙ ጊዜ ይዘገያል።

ብዙ ፋይል እየተዘለለ ካስቸገረ ትክክለኛው መንገድ ዲስኩን በፋይል ሳይሆን በሴክተር መቅዳት ነው። ለዚህ የተሠራው ዲዲ ሬስኪዩ የተባለው የሊኑክስ ፕሮግራም በመጀመሪያ በቀላሉ የሚነበበውን ሁሉ ያወጣል፣ አስቸጋሪውን ቦታ በመዝገብ ይዞ በኋላ ይመለስበታል፣ መብራት ቢሄድም ከቆመበት ይቀጥላል። ሆኖም ትእዛዙ ሲጻፍ ምንጩና መድረሻው ቢገለባበጡ ባዶው ዲስክ በሙሉው ላይ ይጻፋል፤ ስለዚህ ይህን የሠራ ሰው አጠገብዎ ከሌለ ለባለሙያ ይተዉት።

5. ዲስኩ ጨርሶ ካልታየ ወይም ጠቅ ጠቅ ካለ

ምንም አይሞክሩ። ክዳኑን አይክፈቱ፤ አንዲት የአቧራ ቅንጣት ጭንቅላቱ ከሚንሳፈፍበት ክፍተት በብዙ እጥፍ ትበልጣለች። ዳታ እናወጣለን ወደሚል ባለሙያ ሲወስዱት ደግሞ ሥራውን ከመስጠትዎ በፊት «ቅድሚያ የዲስኩን ሙሉ ቅጂ ወስዳችሁ ነው በቅጂው ላይ የምትሠሩት?» ብለው ይጠይቁ። «አይ፣ በቀጥታ የሪከቨሪ ፕሮግራም እናስኬድበታለን» የሚል መልስ ካገኙ አመስግነው ዲስክዎን ይዘው ይውጡ።

6. ፋይሉ ከወጣ በኋላ ዲስኩን ይመርምሩ

እያንዳንዱ ዲስክ ስማርት የሚባል የራሱን የጤና መዝገብ ይይዛል። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ይህን መዝገብ በሰከንዶች ውስጥ ያሳያል፤ መዝገቡን ማንበብ ዲስኩን ስለማያደክም ከመቅዳት በፊትም ቢያዩት ጉዳት የለውም። ሰማያዊ ቀለም ደኅና፣ ቢጫ ማስጠንቀቂያ፣ ቀይ ደግሞ መጥፎ ማለት ነው። በቀለሙ ብቻ ግን አይፍረዱ፤ ከታች በተዘረዘሩት መስመሮች ውስጥ አራቱን ለይተው ያንብቡ። ቁጥር 05 ደክመው በመጠባበቂያ የተተኩ ሴክተሮችን ይቆጥራል። ሲ5 ሊነበቡ አልቻሉም ተብለው ውሳኔ የሚጠብቁትን፣ ሲ6 ደግሞ ጨርሶ ሊታረሙ ያልቻሉትን ይቆጥራል። የእነዚህ የሦስቱ ቁጥር ዜሮ ሊሆን ይገባል። በ05 ላይ ለዓመት ያልተለወጠ አነስተኛ ቁጥር ይታገሡት ይሆናል፤ በሲ5 ላይ ያለ ቁጥር ግን፣ በተለይ ዛሬ ታይቶ ነገ የሚጨምር ከሆነ፣ የክርክር ቦታ የለውም፤ ዲስኩ ይቀየራል። አራተኛው ሲ7 የተለየ ነው፤ እርሱ ብቻ ከጨመረና ሌሎቹ ዜሮ ከሆኑ ጥፋተኛው ኬብሉ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ማሳሰቢያ አለ። ፕሮግራሙ ቁጥሮቹን በአሥራ ስድስት ቤት አቆጣጠር ስለሚያሳይ መጨረሻው 10 የሆነ ቁጥር 16 ማለት ነው፤ ከፈለጉ በሴቲንጉ ውስጥ ወደ ተለመደው አቆጣጠር ይቀይሩት። የሲጌት ዲስኮች ደግሞ በ01 እና በ07 መስመሮች ላይ እጅግ ትልልቅ ቁጥር ማሳየታቸው የተለመደ አቀማመጣቸው ነውና አያስደነግጥዎ።

ዊንዶውስ የሚነሣ ከሆነ ኢቨንት ቪውወር በተባለው የዊንዶውስ የክስተት መዝገብ ማሳያ ውስጥ «ሲስተም» በሚለው መዝገብ ላይ ምንጩ ዲስክ የሆነ ቁጥር 7 ወይም 153 ደጋግሞ መመዝገቡን ይመልከቱ። ቁጥር 7 የተበላሸ ቦታ መገኘቱን፣ 153 ደግሞ ንባቡ ተደጋግሞ መሞከሩን ይናገራል። ስማርቱም ይህ መዝገብም ንጹሕ ከሆኑና ስሕተቱ ግን ከቀጠለ፣ ራሙን (የማሽኑን ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ) ወደመፈተሽ ይሂዱ።

7. አዲሱን ዲስክ ይግዙና ይግጠሙ

በሳታ ለሚሠራ አሮጌ ማሽን 2.5 ኢንች ኤስኤስዲ (መረጃን በሳህን ሳይሆን በቺፕ የሚይዝ ዲስክ) መግዛት የተሻለ ነው፤ የሚሽከረከር አካል ስለሌለው መነቅነቅን ይችላል፣ ማሽኑም በፍጥነት ይነሣል። ለአንድ የጽሕፈት ማሽን 256 ጊጋባይት ይበቃል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማቱ ከፒያሳ የተነሡ ሱቆች ስላሉ፣ የሚያውቁት ሻጭ የት እንደገባ ደውለው ይጠይቁ። የትም ይግዙ የትም፣ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ዲስኩ እዚያው በሱቁ ኮምፒውተር ላይ ተሰክቶ በክሪስታል ዲስክ ኢንፎ እንዲታይ ይጠይቁ። «ፓወር ኦን አወርስ» የሚለው አዲስ በተባለ ዲስክ ላይ ዜሮ ወይም ለዜሮ የቀረበ መሆን አለበት፤ በሺህ የሚቆጠር ሰዓት ካሳየ አዲስ ተብሎ የቀረበልዎ ያገለገለ ዕቃ ነው። ደረሰኝና የዋስትና ጊዜ በጽሑፍ ይቀበሉ።

መግጠሙ ብሎን ፈትቶ የማሰር ጉዳይ ብቻ ነው። አንድ ነገር ግን አይዝለሉ፦ ዊንዶውስ በአዲሱ ዲስክ ላይ ሲጫን አሮጌው ዲስክ ተነቅሎ ይቀመጥ። ሁለቱም ከተሰኩ በስሕተት አሮጌውን መርጦ ፎርማት የማድረግ አደጋ አለ፤ ከዚህም ሌላ ዊንዶውስ ማስነሻ ፋይሉን በአሮጌው ዲስክ ላይ ሊያስቀምጥ ስለሚችል አሮጌው በተነቀለ ቀን ማሽኑ እንደገና «ቡተብል ዲቫይስ የለም» ይላል። የታመመውን ዲስክ እንዳለ ወደ አዲሱ መገልበጥም ይቻላል፤ እኔ ግን አልመክረውም፣ የተበላሹት የዊንዶውስ ፋይሎች አብረው ስለሚሻገሩ ያው በሽታ በአዲስ ቤት ይቀጥላል።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ክፍል ስለሚጠይቅ፣ ከመጫንዎ በፊት ማሽንዎ ይህ እንዳለው በባዮሱ ውስጥ ያረጋግጡ። በማሽኑ ላይ ሕጋዊ ዊንዶውስ ተመዝግቦ ከነበረ ምዝገባው ከማዘርቦርዱ ጋር የተያያዘ በመሆኑ፣ ተመሳሳዩ እትም ሲጫንና ኢንተርኔት ሲያገኝ በአብዛኛው በራሱ ይታወቃል።

8. ፋይሉን ይመልሱ፣ አሮጌውን ዲስክ ያቆዩ

ፊደሎቹን በቅድሚያ ይጫኑ፤ ከዚያ ሰነዶቹን ይመልሱ። ፒችትሪን ቀድሞ የነበረውን ያንኑ እትም ይጫኑና የድርጅቱን ፎልደር ወደ ቦታው ይመልሱ። የሒሳብ ሠራተኛዋ የመጨረሻውን ወር መዝገብ ከፍታ፣ ሚዛኑን ከታተመው ወረቀት ጋር አስተያይታ «ልክ ነው» ሳትል ሥራው አለቀ አይበሉ። የሚከፈት ፋይል ሁሉ ሙሉ ፋይል አይደለም፤ በደከመ ሴክተር ላይ የነበረ ሰንጠረዥ ተከፍቶ መሀሉ ባዶ ሊሆን ይችላል።

አዲሱ ዲስክ ያለበት ዴስክቶፕ ባትሪው በሚሠራ ዩፒኤስ ላይ ይሰካ፤ መብራት ሲሄድ ከዩፒኤሱ የሚገኙት ጥቂት ደቂቃዎች ሥራውን ለመጨረስ ሳይሆን ማሽኑን በሥርዓት ለመዝጋት የሚውሉ ናቸው። የፒችትሪው ባክአፕ በየሳምንቱ ዓርብ ሁለት ፍላሾችን በማፈራረቅ ይወሰድ፤ አንደኛው ከቢሮው ውጭ ይደር።

በአሮጌው ዲስክ ላይ ቀኑንና የማሽኑን ስም ጽፈው ለአንድ ሁለት ወር መሳቢያ ውስጥ ያቆዩት፤ የተረሳ ፋይል የሚታወሰው ሁልጊዜ ዘግይቶ ነው። ጊዜው ሲያልፍ ለቆራሌው እንዳለ አይስጡት፤ የደንበኞች የመታወቂያ ቅጂና የባንክ ሰነድ በውስጡ ስላለና የታመመ ዲስክን በሶፍትዌር አጽድቶ መጨረስ ስለማይታመን፣ ሳህኖቹን በድሪል ሁለት ሦስት ቦታ ካስበሱ በኋላ ይጣል።